መሪ ማውረድና ማቅረብ በሶማሌ ተራ፦ ለየትኛው ሥራ መክፈል ያዋጣል?

የአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ ሶማሌ ተራ ገብቶ «መሪው ራቀኝ» ወይም «ከፍ አለብኝ» ላለ ሰው አራት ዓይነት ሥራ ይቀርብለታል። አንደኛው ከመሪው ማሰሪያ ላይ ቦኮላ (ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት) አስገብቶ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ከታረደ መኪና የወጣ ሙሉ ኮለም (የመሪውን ዘንግ ከነማቀፊያው) መግጠም፤ ሦስተኛው መሪውን በሐብ (በመሪውና በዘንጉ መካከል በሚገባ ማራዘሚያ) ወደ ሹፌሩ ማምጣት፤ አራተኛው ዘንጉን ቆርጦ መበየድ። የመጀመሪያው ከሚጠየቅበት ብር በላይ ይጠቅማል። ሁለተኛው ዕቃ መርጦ የሚያውቅ ሰው አብሮ ካለ ጥሩ ነው። ሦስተኛው እንደ መኪናው ነው። አራተኛውን በነፃ እንሥራልዎ ቢሉም እሺ አይበሉ።

ጥያቄው በብዛት የሚመጣው ከቪትዝ ባለቤቶች ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ቪትዝ መሪው ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ወደ ሹፌሩ አይሳብም። እግሩ የረዘመ ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ እጁ ተዘርግቶ ይቀራል፤ ወደ ፊት ሲጠጋ ደግሞ ጉልበቱ የኮለሙን ሽፋን ይመታል። በዚያ ላይ ከተማው ውስጥ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ቪትዞች ሞልተዋል፤ አዟሪው እንደ እጁ የገጠመው ማሰሪያ ፋብሪካው ያሰበውን አቀማመጥ አይጠብቅም። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መኪና አመቻችቶ ማቆየት ግድ ሆኗል፤ ሥራው ቢደራ አይገርምም።

ብር ከመቁጠር በፊት ግን ወንበሩ ይፈተሽ። ጀርባዎን ከመደገፊያው ሳያላቅቁ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፤ ጉልበትዎ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። አሁንም ትከሻዎ ሳይነሳ እጅዎን በመሪው አናት ላይ ይዘርጉ። የእጅ አንጓዎ አናቱ ላይ ካረፈ ርቀቱ ልክ ነው፤ መዳፍዎ ብቻ ከደረሰ መሪው ርቋል። ኤርባግ ባለው መኪና ከደረትዎ እስከ መሪው መሐል ቢያንስ 25 ሳ.ሜ. ይቅር። ወንበሩ ያረጀ ከሆነ ስፖንጁ ተረግጦ 2 ወይም 3 ሳ.ሜ. ይወርዳል፤ ያን ጊዜ መሪው ከፍ አላለም፣ ሹፌሩ ነው የወረደው። ስፖንጅ ማስቀየር ከየትኛውም የመሪ ሥራ ይቀላል፣ አደጋም የለውም። አንዳንዱ ሰው ደግሞ መደገፊያውን ከመጠን በላይ አስተኝቶ ነው መሪው የራቀው፤ ይህንን ቀና አድርጎ የሚነግር መካኒክ ካገኙ ደንበኛ ያድርጉት።

መሪው ለዞረ መኪና አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። ክር ላይ ዳዶ አስረው ከጣሪያው፣ ከወንበሩ መሐል ትክክል ላይ ያንጠልጥሉ፤ ከኋላ ወንበር ሆነው በክሩ በኩል ወደ መሪው መሐል ይመልከቱ። መሪው ወደ በሩ ወይም ወደ ማርሹ 2 ሳ.ሜ. ካፈነገጠ ትከሻ የሚያሳምመው ከፍታው ሳይሆን ይሄው ጥመት ነው። ይህን ቦኮላ አያቃናውም። ማሰሪያው የተበየደበት ቦታ ራሱ እንደገና መሠራት አለበት፤ እሱም ከዚህ ሁሉ የተለየና የከበደ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቦኮላው። ኮለሙ ከዳሽቦርዱ ሥር ከሚያልፈው የብረት ተሸካሚ ጋር ከላይና ከታች ይታሰራል። የታችኛው ማሰሪያ እንደ ማጠፊያ ሆኖ፣ የላይኛው በቦኮላ ሲወርድ መሪው ዝቅ ይላል። ስንት እንደሚወርድ መገመት አያስፈልግም፤ በሜትር ይለካል። ከታችኛው ማሰሪያ እስከ ላይኛው 25 ሳ.ሜ.፣ እስከ መሪው 50 ሳ.ሜ. ከሆነ የ5 ሚ.ሜ. ቦኮላ መሪውን 10 ሚ.ሜ. ያወርደዋል፣ ማዕዘኑም አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀየራል። በእኛ ግምት የቦኮላው ውፍረት ከ10 ሚ.ሜ. ማለፍ የለበትም። ከዚያ ካለፈ የታችኛው ማሰሪያ መጣመም ይጀምራል፣ ዘንጉ በሞተርና በሹፌር መካከል ባለው ግድግዳ የሚያልፍበት ጎማም ወደ አንድ ጎን ይጨመቃል፤ በክረምት ውሃ፣ በበጋ አቧራ የሚገባው በዚያ ነው።

ሥራው በጥሩ እጅ ሁለት ሰዓት አይሞላም። በመጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀልና ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቃል፤ ኤርባጉ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪጠፋ ነው። ይህን ሳያደርግ እጁን ወደ ዳሽቦርዱ ሥር የሰደደ መካኒክ ጋ መኪናዎን አይተዉ። ከዚያ የታችኛው ሽፋን ይወጣል፣ የታችኞቹ ብሎኖች ሁለት ሦስት ዙር ይላላሉ እንጂ አይወጡም፣ የላይኞቹ ሲወጡ ረዳት ኮለሙን ከሥር ይይዛል። ከ2005 እ.ኤ.አ. በኋላ የወጣው ቪትዝ ላይ የመሪው ኤሌክትሪክ ሞተር ያለው ኮለሙ ላይ ስለሆነ ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ ከተለቀቀ በሽቦዎቹና በታችኛው ክሮቼራ (ዘንጉ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ) ላይ ይንጠለጠላል።

የሥራው ጥራት የሚታየው በቦኮላው ነው። ሦስት አራት ሮንዴላ መደራረብ የተለመደ ነው፤ ሲጠብቅ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ብሎኑ ይላላል። ቶርኖ ቤት ሄዶ ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም አንድ ወጥ ማስወጣት ነው። ለ8 ሚ.ሜ. ብሎን ቀዳዳው 8.4፣ የውጭ ስፋቱ ከ16 እስከ 18 ሚ.ሜ. ይበቃል። ሁለቱ ቦኮላዎች በካሊፐር ተለክተው እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከበለጠ ኮለሙ ይጣመምና የከፍታ ማስተካከያው እጀታ መጥበቅ ይጀምራል። ጎማና ፕላስቲክ በፍጹም አይሆንም፣ ተጨምቆ ያልቃልና።

የውጭ ስፋቱ ለምን እንዳይበዛ? በአብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች የላይኛው ማሰሪያ ላይ ብሎኑ የሚያልፈው በቀጥታ በማሰሪያው ሳይሆን በፕላስቲክ ፒን ከማሰሪያው ጋር በተያያዘች ትንሽ ቁራጭ ውስጥ ነው። መኪናው ከፊት ሲጋጭና ሹፌሩ መሪው ላይ ሲወድቅ ፒኖቹ ይቆረጣሉ፣ ማሰሪያው ከቁራጯ ሾልኮ ኮለሙ ወደ ፊት ይሰበሰባል። ሰፊ ሮንዴላ ቁራጯንና ማሰሪያውን አንድ ላይ ከጨበጣቸው ግን የሚሾልክ ነገር የለም፤ ደረት ነው የሚሰበሰበው። ስለዚህ ቦኮላው ከቁራጯ ዳር መውጣት የለበትም። ይህን ነጥብ ጠይቀው የማያውቅ መካኒክ ካጋጠመ ሌላ ጋ መሄድ ይሻላል።

ብሎኑም ይቀየራል። ቦኮላው 10 ሚ.ሜ. ከሆነ አዲሱ ብሎን በዚያው ልክ መርዘም አለበት፤ አለበለዚያ ጥርሱ በጥቂት ዙር ብቻ ይያዛል። የ8 ብሎን ጥርስ በ1.25 ሚ.ሜ. ስለሚሄድ ከስድስት ዙር ባላነሰ መግባት ይኖርበታል። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ይገዛ፤ ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ለኮፈን እንጂ ለመሪ አይሆንም። መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) እስከ 25 ኒውተን ሜትር። ቶርክ ሬንች የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ «እጄ ያውቃል» የሚለው መልስ ለጎማ እንኳ አያጠግብም።

ላዳና ዲኤክስ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ኤርባግ የለ፣ ኤሌክትሪክ ሞተር የለ፤ ከላይ ካለው ውስጥ ቦኮላና ብሎኑን ብቻ ያስብ።

ሙሉ ኮለም መቀየር የሚያዋጣው መሪው ዝቅ ሳይሆን ቀረብ እንዲል ሲፈለግ ነው። ለአውሮፓ የተሠራው ተመሳሳይ ትውልድ ያሪስ (ቪትዝ እዚያ የሚጠራበት ስም) ወደ ሹፌሩ የሚሳብ ኮለም አለው፤ ከታረዱት መካከል ሲገኝ ደላላው ወዲያው «ይገጥማል» ይላል። መግጠሙን የሚወስነው መለኪያ ነው፦ የማሰሪያው ቀዳዳዎች ርቀት፣ የታችኛው ዘንግ ርዝመት፣ የጥርሱ ብዛት፣ የሶኬቱ ቅርጽ። አራቱም ከእርስዎ መኪና ጋር ካልተመሳሰሉ ይተዉት። ዕቃው ከፊት ከተጋጨ መኪና የወጣ መሆኑም ይፈተሽ፤ ቁራጮቹ ከማሰሪያው ትንሽ እንኳ ሾልከው ከታዩ ወይም የተሰበረ ፕላስቲክ ካለ ኮለሙ ሥራውን አንዴ ሠርቷል ማለት ነው። ክሮቼራውን በእጅ ሲያጥፉት ቆረፍ ቆረፍ ካለ ደርቋል። ኤሌክትሪክ ሞተሩና ኮምፒውተሩ አብረው ይገዙ።

በገጠማ ላይ ሁለት ቦታ ይሳሳታሉ። አንደኛው የክሮቼራው ማጥበቂያ ብሎን ነው። ዘንጉ ላይ ለብሎኑ ማለፊያ የተቆረጠ ጎድጓዳ መስመር አለ፤ ዘንጉ በልኩ ከገባ ብሎኑ በጣት ግፊት ያልፋል። መዶሻ ካስፈለገ ዘንጉ አልገባም፤ በግድ ቢጠብቅ ደግሞ አንድ ቀን መሪው እጅ ላይ ይቀራል፣ ጎማው ግን አይዞርም። የስልክ መብራት አብርተው ራስዎ ይመልከቱ፤ ማጥበቂያው 35 ኒውተን ሜትር ነው። ሁለተኛው ከመሪው ሥር ያለው የኤርባግ ጠምዛዛ ሽቦ ነው። ወደ ግራ ቀስ ብሎ እስኪቆም ይዞርና ሁለት ዙር ተኩል ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ መሐሉ ሳይያዝ ከተገጠመ ሙሉ ዙር ሲዞር ይበጠሳል፣ ክላክሱም ኤርባጉም አብረው ይሄዳሉ። በመጨረሻ የመሪው ኃይል መለኪያ ሴንሰር በስካነር ዜሮ ይደረጋል። ይህ ካልተደረገ መሪው ሳይነኩት ወደ አንድ ጎን ይስባል ወይም መብራቱ ይበራል። ብዙ ጋራዥ እዚህ ላይ «አላይመንት ነው» ብሎ ይሸኛል፤ አይደለም።

ሐቡን በአጭሩ እንለፈው። ኤርባግ የሌለው መኪና ላይ 25 ሚ.ሜ. ማቅረብ ይመቻል፤ 50 ሲሆን የፍሬቻው እጀታ ከጣት ይርቃል። ቀዳዳው ይጣራ፦ የሞሞ መሪ ስድስቱ ቀዳዳዎች በ70፣ የናርዲ መሪ በ74 ሚ.ሜ. ክብ ላይ ናቸው፤ ሳይገጥም ሲቀር በሞረድ እያሰፉ የሚገጥሙ አሉ። ኤርባግ ያለው መኪና ላይ ግን የፋብሪካው መሪ ሲወጣ ኤርባጉም ይወጣል፣ መብራቱን ለማጥፋት በቦታው ሬዚስተር ይቀመጣል። መኪናው ከዚያ በኋላ የሌለ ኤርባግ እንዳለ ይቆጥራል፤ ቀጣዩ ገዢም እንደዚያው።

ብየዳው። ቶርኖ ሠሪው «ውስጡን ቱቦ አስገብቼ ነው የምበይደው፣ ከድሮው ይጠነክራል» ይላል። ችግሩ የጥንካሬ ብቻ አይደለም። ዘንጉም እንደ ኮለሙ በግጭት ጊዜ እንዲያጥር ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አሜሪካ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ48 ኪ.ሜ. ፍጥነት ግጭት መሪው ወደ ሹፌሩ ከ127 ሚ.ሜ. በላይ እንዳይመጣ ደንግጋለች። የተበየደው ዘንግ አያጥርም። ሙቀቱ አጠገቡ ያለውን ሴንሰር ያቃጥላል፣ ከብየዳው ዳር ያለው ብረት ተሰባሪ ይሆናል። ዘንጉ ሲቆረጥ ሁለቱ ክሮቼራዎች የነበራቸው አቀማመጥ ከተዛባ ደግሞ መሪው በአንድ ዙር ሁለቴ ይከብዳል ሁለቴ ይቀላል። አንድ ክሮቼራ በ20 ዲግሪ ሲታጠፍ የፍጥነት መዋዠቁ 6 በመቶ ገደማ ነው፣ በ30 ዲግሪ ወደ 15 በመቶ ይደርሳል፤ ይህን የሚያጣፋው ሁለተኛው ክሮቼራ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲቆም ብቻ ነው።

ሒሳብ ከመክፈል በፊት የፊት ጎማዎቹ ተነስተው፣ ሞተር ሳይነሳ፣ መሪው ከዳር እስከ ዳር ይዙር። በሁለቱም ጎን ዙሩ እኩል፣ ክብደቱም ወጥ ይሁን። ቁልፉ ሲወጣ መሪው ይቆለፍ፣ ሲገባ ሳይታገል ይፈታ። እግር ከነዳጅ ወደ ፍሬን ሲሻገር በጉልበትና በሽፋኑ መካከል ሁለት ጣት ይግባ፤ የመሪው ጠርዝም የፍጥነት ቆጣሪውን አይከልክል። ቀጥሎ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሃር በቸርችል ቁልቁል ይወረድ፤ ፍሬን ሲያዝ ኮለሙ ወደ ላይም ወደ ጎንም መንቀሳቀስ የለበትም፣ መንገዱ ሲቀና መሪውም ቀጥ ይበል። ጥርሱ 36 በሆነ ዘንግ አንድ ጥርስ ስህተት 10 ዲግሪ ነው፤ ያን ያህል ከጠመመ ዘንጉ ወጥቶ ይመለስ እንጂ በቲራንቲ (የፊት ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ) አይቃና።

ከሳምንት በኋላ ብሎኖቹ እንደገና በቶርክ ሬንች ይነኩ፤ ጥሩ ቤት ለዚህ አያስከፍልም። የወጡትን አሮጌ ብሎኖች ተቀብለው መኪናው ውስጥ ያኑሩ፤ ለቦሎ ምርመራ ወይም ለሽያጭ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ መመለስ ቢፈለግ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም።