ሁለት ሳይክል ሰባብሬ በሦስተኛው ነው ባኒሆፕ የቻልኩት

ሰፈር ውስጥ ሳይክሌን ያየ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «በስንት ገዛኸው?» ነው፣ መጠየቅ የነበረበት ግን «የኋላ አክስሉ (ጎማው መሃል የሚያልፈው ዘንግ) ስንት ሚሊ ነው?» ነበር። እኔም ይሄን ያወቅኩት ሁለት ሳይክል አጥፍቼ ነው ስለዚህ አልፈርድበትም። እዚህ የምጽፈው ስለ ሦስቱም ነው፣ ሁለቱን ላማ አንዱን ላመሰግን፣ የሱቅም የብራንድም ስም ግን አልጠራም ምክንያቱም ስቲከሩ ላይ የተጻፈው ነገር ምንም አይነግርህም፣ አንዱን ስቲከር ልጠህ ሌላ ብትለጥፍበት ማን ያውቃል።

የመጀመሪያው ማውንቴን ባይክ ነበር። ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ባለ 21 ማርሽ፣ ፊትም መሃልም ሞላ ያለው፣ ዲስክ ፍሬን ምናምን፣ ሲያዩት ሞተር ነው የሚመስለው። ሻጩ «ወንድሜ ይሄ ለሁሉም ነገር ይሆናል» አለኝ እኔም አመንኩት፣ እስከዛ ቀን የማውቀው ሳይክል በደቂቃ የምንከራየው ያ ፍሬን የሌለው ነበር ምን ላድርግ። እሁድ መንገድ ሲዘጋ መስቀል አደባባይ ይዤው ሄጄ ባኒሆፕ ልሞክር፣ ማለት በሁለቱም ጎማ ከመሬት መነሳት፣ የመንገድ ትሪክ ሁሉ መነሻው እሱ ነው እሱን ሳትችል ሌላውን እርሳው። ባኒሆፕ ማለት መሪውን ወደ ሆድህ ስበህ ፊቱን ታነሳለህ ከዛ ወገብህን ወደ ፊት ሰጥተህ ኋላውን በእግርህ ታስከትላለህ። ችግሩ ምንድነው፣ እኔ ልነሳ ስጫን ሞላው ይበላዋል! ጉልበቴን በሙሉ ሰጥቼው እሱ ቁጭ ብድግ ይላል እንጂ ከመሬት አይላቀቅም። ደግሞ ረጅም ነው፣ ከባድ ነው፣ ኮርቻው ከፍ ብሎ ደረትህን ይጠብቅሃል። አምስተኛው ወር ላይ በቀኝ ጎኑ ወደቀ፣ ማርሽ መቀየሪያዋ ያለችው በቀኝ ነው፣ ተጣማ ጎማው ሽቦ ውስጥ ገባች በቃ። ለመሄጃ ጥሩ ሳይክል ነበር እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ በግ ገዝቼ እንዲጋለብልኝ ነው የፈለግኩት።

ሁለተኛው ግን ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ እሱ የለየለት ማታለያ ነው። ቢጫ፣ 20 ኢንች፣ ሞላ የለው ማርሽ የለው፣ አራት ፔግ ከነመሪ ማዞሪያው የተገጠመለት (ፔግ ማለት አክስሉ ላይ የሚታሰሩት አጫጭር ቱቦዎች፣ ብረት ላይ የሚንሸራተቱበት)። ቢኤምኤክስ (ለትሪክ የሚሰራው ትንሹ ሳይክል) ነው ብዬ እቅፍ አድርጌ ነው ያመጣሁት። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ፣ ቢኤምኤክስ ጎማው 20 ኢንች ነው፣ የህጻናት ሳይክልም ጎማው 20 ኢንች ነው። በጎማ አይለይም። የሚለየው ከመሪው ስር እስከ ኮርቻው ያለችው የላይኛዋ ቧንቧ ርዝመት ናት። የኔ ቢጫ 18 ኢንች እንኳ አትሞላም ነበር ስለዚህ ቆሜ ስነዳ ጉልበቴ ከመሪው ጋር እየተጋጨ ለሁለት ሳምንት በርበሬ የመሰለ ጉልበት ይዤ ዞርኩ። ቁመትህ 1.65 አካባቢ ከሆነ 20.5 ኢንች ፈልግ፣ 1.75 ካለፍክ 20.75 ወይም 21። ሜትር ይዘህ ሂድ፣ ሻጩ ቢስቅብህ ይሳቅ።

ፔጎቹ ደግሞ ለጌጥ ናቸው። አክስሉ የተለመደው ቀጭኑ ነው፣ ወደ 10 ሚሊ የሚጠጋው፣ እና አንተ ፔግ ላይ ሆነህ የደረጃ ጠርዝ ላይ ስታርፍ ክብደትህን በሙሉ የሚሸከመው እሱ ነው። ከአንድ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ከፍታ፣ ወርጄ አክስሉ ተጣመመ ውስጡ ያሉት ልቅ ኳሶች እንደ በቆሎ ፈሰሱ። የምሰጠው ባለሙያ ሰፈራችን ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጎማውን አዙረው አዩት ወዲያ አስቀመጡትና «አንተ ልጅ ይሄ እኮ ለመሄጃ ነው የተሰራው፣ አንተ እየዘለልክበት ነው?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያው እየሄድክ ዝለል፣ ሳይክሉን ተወው» ብለው ሳቁ። ቶርኖ ቤት ወስጄ ጠንከር ካለ ብረት አስቀረጽኩ፣ ዘጠኝ ቀን ቆየ፣ አክስሉ ሳይሆን በዚህ ጊዜ ቸርኬው ስምንት ቁጥር ሆነ።

ሦስተኛው አሁን ያለው ነው። የአክስቴ ልጅ ከዲሲ ስትመጣ ልብሷን ቀንሳ በካርቶን ይዛልኝ መጣች እግዜር ይስጣት፣ ጎማውን ፈትተህ መሪውን ካዞርከው እዛች ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ ራሱ ሳይክሉ 11 ኪሎ ተኩል ነው። እማዬ ካርቶኑን አይታ ቲቪ መስሏት ደስ ብሏት ነበር፣ ሳይክል መሆኑን ስታይ «አሁንም?» አለች፣ የቢኤምኤክስ ትሪክ በቶኪዮ ኦሎምፒክ እኮ ገብቷል የሜዳሊያ ስፖርት ነው ብያት ነው ያለፍኩት።

ስፔኩ ይሄ ነው። የላይ ቧንቧ 20.5፣ የኋላ አክስል 14 ሚሊ፣ ኋላ ሀቡ (የጎማው መሃል) ካሴት የሚሉት፣ ማለት ጥርሱ ከውስጥ ዕቃው ጋር አንድ ላይ የሆነ፣ 9 ጥርስ፣ ፊት 25 ጥርስ፣ ፔዳል የሚይዘው ክራንክ ሦስት ፍሬ የሆነ፣ ኩሽኔታዎቹ ዝግ፣ የኋላ ፍሬን ብቻ። ፊት ፍሬን የለም፣ ፔግም ብቻውን ነው የመጣው ገና አላሰርኩትም። የጥርሱ ነገር መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፣ የድሮዎቹና ርካሾቹ ፊት 44 ኋላ 16 ነው የሚያደርጉት፣ ሲከፋፈል ከ25 በ9 ጋር ያው ነው፣ ለእግርህ ክብደቱ እኩል ነው። ልዩነቱ ትልቁ የፊት ጥርስ ሳህን ደረጃ ጠርዝ ላይ ስትወጣ ቀድሞ ይመታል፣ ጥርሱ ይታጠፋል፣ ካቴናው ይበጠሳል፣ አንተ በጥርስህ ትወርዳለህ። ትንሹ ደበቅ ብሎ ነው ያለው። ክራንኩም እንደዛው፣ የህጻናት ሳይክል ላይ ከግራ ፔዳል እስከ ቀኝ ፔዳል አንድ የታጠፈ ብረት ነው፣ ስታርፍበት ይበልጥ ይታጠፋል። ሦስት ፍሬው ላይ ሁለቱ ክንዶችና መሃሉ ያለው ዘንግ ለየብቻ ናቸው፣ ይጠነክራል ቢበላሽም አንዱን ትቀይራለህ።

ሰው ሁሉ ክሮሞሊ ክሮሞሊ ይላል። ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የገባበት ብረት ነው 4130 የሚሉት፣ ጠንካራ ስለሆነ ቧንቧውን ቀጠን አድርገው ይሰሩታል ለዛ ነው ሳይክሉ የሚቀለው። ሙሉ ክሮሞሊ ከሆነ ደስ ይላል ዋጋውም ደስ ይላል (ለሻጩ)። ለጀማሪ ግን ዋና ዋናው ቦታ ክሮሞሊ ሆኖ ሌላው ተራ ብረት ቢሆን አይሞትም፣ የኔ እንደዛ ነው። አንድ ልጅ በማግኔት ይለያል ብሎ ሲያስተምር ሰምቼ ነበር፣ ውሸት ነው፣ ሁለቱም ብረት ስለሆኑ ማግኔት ሁለቱንም ይይዛል፣ በማግኔት የምትለየው አሉሚኒየምን ብቻ ነው።

ሲነዳ እንዴት ነው ካላችሁ፣ መጀመሪያ ቀን መሪውን ስስበው ፊቱ ራሱ ወደኔ መጣ፣ ደነገጥኩ በጀርባዬ ሄድኩ። ኋላው አጭር ስለሆነ ቶሎ ይነሳል፣ የሰጠኸው ጉልበት ሁሉ መሬቱን ገፍቶ ይመለስልሃል የሚበላው ነገር የለም። በሁለት ወር የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ በባኒሆፕ መውጣት ቻልኩ፣ በማውንቴኑ አምስት ወር ፈጅቼ አንድ ላስቲክ ጠርሙስ አልዘለልኩም። ማንዋል (ፔዳል ሳይመቱ ፊቱን አንስቶ በኋላ ጎማ መሄድ) ገና ነው፣ አራት ሜትር አካባቢ እሄድና ፍሬን ይዤ አድናታለሁ። ለዛ ነው ኋላ ፍሬኑን አታውልቁት የምለው፣ ቪድዮ ላይ ያለ ፍሬን የሚነዱትን አይታችሁ አትቅኑ፣ እነሱ ሚኒባስ ከፊታቸው ድንገት አይቆምባቸውም።

የማይወደድም አለው። አብሮት የመጣው ፔዳል ላስቲክ ነው፣ ዝናብ ከነካው ሳሙና ነው፣ ቅልጥሜ ምስክር ነው። የጎማ ካላማዳሪያ የትም ታገኛለህ 20 ኢንች ስለሆነ፣ የካሴቱ ውስጥ ዕቃ ግን ቢበላሽ እዚህ ፈልገህ አታገኝም፣ ከውጭ ሰው መለመን ነው። ኩሽኔታው ግን አያሳስብ፣ ሽፋኑ ላይ ቁጥር አለው ያንን ይዘህ ኩሽኔታ ሻጭ ጋ ብትሄድ የሞተርና የማሽን የሚሸጡት እሱንም አላቸው። ነፋስ ስታስሞላ ደግሞ ጎሚስታው ጋ ቆመህ ተቆጣጠር፣ አፉ ከመኪና ጎማ ጋር አንድ ስለሆነ ኮምፕረሰሩን ይሰካና ዞር ብሎ ያወራል፣ የሳይክል ጎማ ትንሽ ስለሆነ በሰከንድ ነው የሚሞላው፣ አንዱን እጁ ላይ አፈንድቶብኛል። እኔ 55 ፒኤስአይ አካባቢ ነው የማቆመው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ከቀለሙ በፊት ገልብጣችሁ እዩት። የኋላ ጎማውን አሽከርክሩ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ፣ ይዛችሁ ግራ ቀኝ ስትነቀንቁት ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው አልቋል። መሪው ስር ያለውን ብየዳ በጣታችሁ ዳሱት፣ ቀለሙ በቀጭን መስመር ከተሰነጠቀ ጥላችሁ ሂዱ፣ በነጻ ቢሰጧችሁም ጥላችሁ ሂዱ፣ እዛ ጋ ከተሰበረ ፊታችሁን ነው የሚወስደው። ጎማውን ማውለቅ ከፈቀዱላችሁ ቸርኬው ውስጥ የሽቦዎቹ ራስ ወዲያው የሚታይ ከሆነ ነጠላ ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ድርብ ነው፣ ድርቡን ነው የምትፈልጉት።

የምትፈልጉት ግን መንገድ ላይ ፊቱን አንስቶ በኋላ ጎማ ረጅም መሄድ ብቻ ከሆነ የኔን አትግዙ፣ ለሱ ሞላ የሌለው 26 ወይ 29 ኢንች ነው የሚሻለው፣ ትልቅ ጎማ ሚዛኑን ዝግ ብሎ ነው የሚያጣው። ትንሹ ይቻላል ግን ያደክማል።

ቢጫውን ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት፣ አስር ዓመቱ ነው፣ ልኩ ነው፣ ፔጎቹን ፈትቼ ነው የሰጠሁት። ትናንት ሳየው ጓደኛውን ኋላ ጭኖ ደረጃ ሊወርድ እየተንደረደረ ነበር።