በቦሩ ሜዳ ውርጭ ስድስት ወር የነዳሁት ሳይክል

መስከረም ላይ በ18 ሺህ ብር የገዛሁት ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ነው። ጎማው ወፈር ያለ፣ ጥርሱ ያላለቀ፣ ሁለቱም ፍሬን ዲስክ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ቦሩ ሜዳ። አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለታክሲ ከመጋፋት ይሻላል ብዬ ገባሁበት።

እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሰላም ነበር። ከዚያ ውርጩ መጣ። ቦሩ ሜዳ አፄ ዮሐንስ በ1870 ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው፤ ብልህ ናቸው፣ ግንቦት ላይ አደረጉት። በኅዳር ማለዳ ቢሆን ማን ይመጣላቸው ነበር! ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቅሃል።

አስፋልቱ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው። ጉዱ ውሃ የፈሰሰበት ጋ ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የማያገኘው አንድ ኩርባ ላይ፣ ከዳር የወረደች ቀጭን ውሃ መስታወት ሆና አድራለች። እርጥበት መስሎኝ የፊቱን ፍሬን ያዝ አደረግኩ። ጎማው ሸርተት፣ እኔ በክርኔ ዘፍ። አህያ የሚነዱ አባት «አብሽር! አብሽር ልጄ!» እያሉ አነሱኝ። አህያይቱ ግን አስፋልቱን ትታ በሳሩ ዞራ አለፈች። አሁን እዚያ ስደርስ የእሷን መንገድ ነው የምከተለው፣ ፍሬንም ከያዝኩ የኋላውን፣ ቀስ አድርጌ።

ሳይክሉን አልወቅስም። ጎሚስታው ጎማውን ድንጋይ እስኪሆን ነበር የነፋልኝ። በአውራ ጣት ስትጫነው ትንሽ ገባ እስኪል አስተነፈስኩት፤ መሬቱን በደንብ ይይዛል፣ ዳገቱ ላይ ግን ከበድ ይላል። ንጹሕ በረዶ ላይ ይሄም አያድንም። ብርድ አገር ያሉት ጎማው ላይ የብረት ጥርስ የሚያስተክሉት ለዚህ ነው።

ፍሬኑ ጎበዝ ነው። ጤዛ ሲነካው ብቻ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ እስኪቀሰቅስ ይጮሃል። ጭጋግ በበዛበት ሰሞን ሽቦው ውስጥ ውሃ ገብቶ ጠዋት ድርቅ ይል ነበር፣ ዘይት ጠብ አድርጌበት ተወኝ።

እጅ ግን! ጓንት ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ንፋሱ ሰተት ብሎ ይገባል። ከጓንቱ ሥር ፌስታል አደረግኩ። ያስቃል፣ ቢሮ ስደርስ እጄ በላብ ርሷል፣ ግን ጣቶቼ ይታዘዙኛል።

የካቲት ላይ የፊቱ የፍሬን ሸራ አለቀ። እስካሁን ልኩን አላገኘሁም፤ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ያያችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።