ቀለሙ አሪፍ፣ መቀሱ ችኩል

ለሴሚናሬ የኒውክለስ ቀዳዳን፣ ማለትም የሴሉ እምብርት (ኒውክለስ) መግቢያና መውጫ በርን፣ የሚያሳይ ፖስተር አራት ኪሎ ካለች ማተሚያ ቤት አሳተምኩ። ስሟን ልተወው። ቀለሙ ግን ይገርማል! በሰው ሴል ይህ ቀዳዳ ከ30 ገደማ የፕሮቲን ዓይነቶች ይሠራል፤ እየተደጋገሙ በድምሩ 1,000 አካባቢ ይደርሳሉ። መሃል ላይ እንደ ክር የሚንዘላዘሉት፣ ማን ይለፍ ማን ይቅር የሚሉት ፕሮቲኖች እንኳ አንድ በአንድ ይታያሉ።

ችግሩ፣ ልጁ ስዕሉ ከወረቀቱ አልገጥም ሲለው ዳሩን ቆረጠው። የቀዳዳው ቀለበት ስምንት ተመሳሳይ ክፍሎች አሉት፤ የኔ ሰባት ሆኖ ቀረ።

«አንዷ ብትጎድል ማን ይቆጥራል፣ እህቴ?» አለኝ።

መምህሬ ይቆጥራሉ! ሳይከራከር በነፃ ደግሞ አተመልኝ፤ አንድ ሰዓት ግን አስቆመኝ። ለቀለም ሂዱ። መቀስ ሲያነሳ ግን አጠገቡ ቁሙ።