የቬኬሽንስ ቱ ጎ የ90 ቀን ሰሌዳ፦ የክሩዝ ቅናሽ ለማን ይሠራል?

የክሩዝ (የሽርሽር) መርከብ ባዶ ክፍል ይዞ ከወደብ ከወጣ ያ ክፍል ለዚያ ጉዞ ዳግም አይሸጥም። ተሳፋሪ የሌለው ክፍል ደግሞ መጠጥ አይገዛም፣ ካዚኖ አይገባም። ስለዚህ መነሻው ሲቃረብ ኩባንያዎች የቀረውን ክፍል በርካሽ መልቀቅ ይመርጣሉ። መቀመጫውን ሂዩስተን ያደረገው ቬኬሽንስ ቱ ጎ የተባለ የጉዞ ወኪል «ናይንቲ ዴይ ቲከር» በተሰኘው ሰሌዳው የሚዘረዝረው ይህን ዓይነቱን ነው፤ በሚቀጥሉት 90 ቀናት ውስጥ የሚነሱ፣ ዋጋቸው የወረደ ጉዞዎችን። ለመመልከት ኢሜይል ማስመዝገብ ይበቃል።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሙሉ ክፍያ የሚጠይቁት በአብዛኛው ከመነሻው 75 እስከ 90 ቀን ሲቀር ነው። ቀብድ ከፍሎ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ከዚያ ቀን በፊት ይሰርዛል፤ የተሰረዘው ክፍልም ተመልሶ ለሽያጭ ይወጣል። ሰሌዳውን መከታተል የሚያዋጣው እንግዲህ መነሻው 90 ቀን ያህል ሲቀረው ጀምሮ እስከ 60 ቀን ገደማ ነው። ከዚያ በላይ መጠበቅ ይቻላል፤ ነገር ግን መርከቡ ቢረክስ እንኳ አውሮፕላኑ ይወደዳል።

ጉዞዎቹ በአካባቢ ከዚያም በቀን ተደርድረዋል፤ አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የቅናሹን መቶኛ የሚያሳየውን ዓምድ ግን ዝለሉት። ስሌቱ የሚነሳው ማንም ከማይከፍለው የብሮሹር ዋጋ (ኩባንያው በይፋ ከሚጽፈው መነሻ ዋጋ) ስለሆነ «70 በመቶ ቅናሽ» ማለት ብዙም ትርጉም የለውም። ዋጋውን ለሌሊቶቹ ቁጥር አካፍሉና የዚያው መርከብ ያለፈውና የሚቀጥለው ሳምንት ስንት እንደሆነ ተመልከቱ፤ እውነተኛው ቅናሽ እዚያ ላይ ይታያል። የዕድሜ (ከ55 ዓመት በላይ)፣ የውትድርናና የነዋሪነት ግዛት ልዩ ዋጋም ስላለ የሚመለከታችሁን መሙላት አትርሱ።

ዋጋው ለአንድ ሰው የተጻፈ ቢሆንም የታሰበው ሁለት ሆኖ ለሚተኛ ነው። ብቻውን የሚሄድ ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው የክፍል ዋጋ ይከፍላል። ከጁላይ 2024 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሕግ ምክንያት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ግብርና የወደብ ክፍያን ጨምረው ያሳያሉ፤ ሁለት ቦታ ስታወዳድሩ ግን ሁለቱም መጨመራቸውን በመጨረሻው የክፍያ ገጽ አረጋግጡ። የሠራተኞች ጉርሻ ለብቻው ነው፤ በተራ ክፍል ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አስቡ።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ከማያሚ የሚነሳ የ7 ሌሊት ጉዞ በሰው 450፣ ከባልቲሞር የሚነሳው 650 ዶላር ነው እንበል። ለሁለት ሰው ማያሚ 900፣ ባልቲሞር 1,300። ማያሚ ላይ የሁለት ሰው የአውሮፕላን ትኬት 500፣ ለመነሻው ዋዜማ ሌሊት ሆቴል 150፣ ታክሲ 80 ሲደመር 1,630 ደረሰ። ጉርሻው በሁለቱም በኩል አንድ ነው። ባልቲሞር ላይ የመኪና ማቆሚያ ብቻ ይጨመራል። በዋዜማው መድረስ ደግሞ ቅንጦት አይደለም፤ በረራ ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቅም፣ ገንዘቡም አይመለስም።

ዋናው ጥቅም ያለው ቀን መቀየር ለሚችል ሰው ነው። ከታንክስጊቪንግ በኋላ ያሉት የዲሴምበር ሁለት ሳምንታትና ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ያለው ጃንዋሪ ርካሽ ናቸው። ጃንዋሪው ለእኛ የተመቸ ነው፦ ገናን ቤት አክብሮ በማግስቱ መነሳት ይቻላል። የዲሴምበሩ ግን ጾመ ነቢያት ውስጥ ይወድቃል፤ ጿሚ ከሆናችሁ ክፍሉን ስትይዙ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምግብ አስመዝግቡ፣ መርከቡ ላይም የምግብ ቤቱን ኃላፊ በመጀመሪያው ምሽት አነጋግሩ። ሴፕቴምበርም ርካሽ ነው፤ ምክንያቱ የአውሎ ነፋስ ወቅት መሆኑ ነው። ካፒቴኑ ወደብ ቢቀይር ወይም ቢዘል ውሉ ይፈቅድለታል፤ የሚመለስላችሁ የወደብ ክፍያው ያህል ነው። ለአንድ ደሴት ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ወር ተዉት።

በሌሊት ሲሰላ በጣም ርካሾቹ በኤፕሪል ከፍሎሪዳ ወደ አውሮፓ፣ በኦክቶበርና ኖቬምበር ደግሞ ወደ ኋላ የሚሻገሩት ናቸው። 13 ወይም 14 ሌሊት ይፈጃሉ፣ ብዙው ቀን ባሕር ላይ ነው። ወደ ምዕራብ የሚመለሰው ይሻላል፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚቆጠር እንቅልፍ ይተርፋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ግን ግሪን ካርድ ቢኖረውም ለምሳሌ ስፔን ውስጥ ባርሴሎና ለመውረድ የሸንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ከሌለው ከመሳፈሪያው ይመለሳል። ከባልቲሞር ተነስቶ እዚያው የሚመለስ ጉዞም ቢሆን ከአሜሪካ መውጣት ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ያልተወሰነለት ወይም በጊዜያዊ ከለላ ያለ ሰው ጠበቃ ሳያማክር ቀብድ አይክፈል።

አራት ሆኖ በአንድ ክፍል ለሚተኛ ቤተሰብ ይህ ሰሌዳ ብዙ አይረዳም። አራት አልጋ ያላቸው ክፍሎች ጥቂት ናቸው፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ ደግሞ ቀድመው ያልቃሉ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ቀብዱ በሚመለስበት ዋጋ ይያዝ፤ እስከ ሙሉ ክፍያው ቀን ዋጋው ቢወርድ በአዲሱ ዋጋ እንዲስተካከል መጠየቅ ይችላል።

ርካሽ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ቁጥራቸው ሳይታወቅ ይሸጣሉ፤ ኩባንያው በኋላ የፈለገውን ይሰጣል። ከዳንስ ቤት በላይ ወይም ከመልሕቁ አጠገብ ሊሆን ይችላል። እንቅልፉ የሚረበሽ ሰው ጥቂት ጨምሮ መካከለኛ ፎቅ ላይ ቁጥሩን ይምረጥ። በወኪል የገዛችሁትን ደግሞ ኩባንያው በቀጥታ አይነካላችሁም። የዋጋ ማስተካከያም ሆነ የክፍል ለውጥ በወኪሉ በኩል ነው፤ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጉዞውን ብትሰርዙ ወኪሉ የራሱን ክፍያ ይቆርጥ እንደሆነ ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።