ቤት ከመግዛታችሁ በፊት የኤጀንታችሁን ስም እዚህ አስገቡ፦ የካሊፎርኒያ የሪል እስቴት ፈቃድ መፈለጊያ ገጽ

በቀጥታ ልናገር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት የምትገዙ፣ የምትሸጡ ወይም በኤጀንት በኩል የምትከራዩ ከሆነ ከሁሉም በፊት መክፈት ያለባችሁ ገጽ ይሄ ነው። የስቴቱ የሪል እስቴት ዲፓርትመንት የሚያስተዳድረው የፈቃድ መፈለጊያ ነው። ነጻ ነው፤ አካውንት ክፈቱ ብሎ አያደክማችሁም። ስም ወይም የፈቃድ ቁጥር ታስገባላችሁ፣ ሰውየው በሕግ መሥራት ይችል እንደሆነ ወዲያው ታያላችሁ። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ የአክስቴ ልጅ ጉዳይ ነው። ኢንግልዉድ አካባቢ ኮንዶ ልትገዛ ፈልጋ በሰው በሰው አንድ የኛው ሰው ተገኘላት። ትልቅ ሰው ናቸው። ሰው አክባሪ፣ ተጫዋች፣ ብዙ ሐበሻ የሚያውቃቸው። «አንቺ እኮ ልጄ ነሽ» እያሉ ቤት ያሳዩዋታል፣ ስንት ብናቀርብ ይሻላል እያሉ ያማክሯታል፣ ከሻጩ ወገን ጋርም ይደዋወሉላታል። ከዚያ «ለፋይል መክፈቻ» ብለው በዜል ወደ ግል አካውንታቸው ገንዘብ እንድትልክ ጠየቋት። ከመላኳ በፊት ስማቸውን እዚህ ገጽ ላይ አስገባሁት። ፈቃዳቸው ጊዜው አልፏል ይላል። ያለፈውም ትናንት ወይም ባለፈው ሳምንት አይደለም፣ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ስትጠይቃቸው «እድሳት ላይ ነው የኔ ልጅ፣ እሱ የወረቀት ጉዳይ ነው» አሏት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሸወድ በደንብ ላብራራው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሪል እስቴት ፈቃድ የሚያገለግለው 4 ዓመት ነው። ለማደስ 45 ሰዓት ትምህርት ይጠየቃል። ሰውየው ጊዜው ከማለፉ በፊት አሟልቶ ካመለከተ፣ መልስ እስኪሰጠው ሥራውን መቀጠል ይችላል። ካለፈበት ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ ፈተና ሳይፈተን የሚያድስበት የ2 ዓመት እፎይታ አለው፣ እውነት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን መሥራት አይችልም። ቤት አስማምቶ፣ ዋጋ ተደራድሮ ኮሚሽን መቀበል ክልክል ነው። «እድሳት ላይ ነው» የሚለው ቃል የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ሁለቱም ሰዎች እድሳት ላይ ናቸው፣ አንደኛው ግን መሥራት ይችላል፣ ሌላኛው አይችልም። የትኛው እንደሆነ የምታውቁት ገጹ ላይ ያለውን ቀን አይታችሁ ነው።

ያለ ፈቃድ መሥራት እዚህ ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ 20,000 ዶላር ወይም እስከ 6 ወር እስር ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሥራውን ሲሠራ ፈቃድ ያልነበረው ሰው ኮሚሽኔን ከለከሉኝ ብሎ ፍርድ ቤት መሄድም አይችልም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሱ ቅጣት አይደለም፣ የገዢው ዕጣ ነው። ስቴቱ በኤጀንት ማጭበርበር ገንዘባቸውን ላጡ ሰዎች ያቋቋመው የካሳ ሒሳብ አለ። ፍርድ ቤት ከፈረደላችሁና አጭበርባሪው የሚከፍለው ነገር ከሌለው፣ ከዚያ ሒሳብ ለአንድ ግብይት እስከ 50,000 ዶላር ልታገኙ ትችላላችሁ። ቅድመ ሁኔታው ምን መሰላችሁ? ሰውየው ያን ሥራ ሲሠራ ፈቃድ የነበረው መሆን አለበት። ፈቃድ ከሌለው ሰው ጋር ሠርታችሁ ገንዘባችሁ ቢበላ ያ በር ይዘጋባችኋል። ስንት ዓመት ፓርኪንግ ላይ ቆሞ፣ ታክሲ ነድቶ፣ ሆስፒታል ሌሊት አድሮ ዳውን ፔይመንት ያጠራቀመ ሰው ይሄን ሳያውቅ ገንዘቡን ለሰው እጅ ሲሰጥ ሳይ ያመኛል።

አሁን ወደ ገጹ። ስትከፍቱት የሚጠይቃችሁ ስም፣ ከተማ ወይም የፈቃድ ቁጥር ነው። በቁጥር ፈልጉ። ለኛ ሰው በስም መፈለግ ጣጣ አለው። ፀሐይን አንዱ በቲ እና ኤስ ይጀምራታል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። ገጹ የሚፈልገው ደግሞ የቤተሰብ ስም ቀድሞ ነው፤ ስለዚህ የአባት ስም የሆነውን ፊት ማስገባት አለባችሁ፣ አንዳንዱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የአያቱን ነው የያዘው። ሰፈር የሚጠራበት ስምና ፈቃዱ ላይ ያለው ስምም አይገናኝም። ስለዚህ ስሙን አጣሁት ብላችሁ ሰውየውን ሌባ አትበሉ። ቁጥሩን ጠይቁት። ባለ 8 አሃዝ ቁጥር ነው። ሕጉ ቢዝነስ ካርዱ ላይ፣ ማስታወቂያው ላይ፣ ዌብሳይቱ ላይ እንዲያደርገው ያስገድደዋል፣ ስለዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም። በደንብ የሚሠራ ኤጀንት ሳይጠየቅ ይሰጣችኋል። ቁጥሩን ሲጠየቅ «አታምኑኝም እንዴ» የሚል ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ቁጥሩን ስታስገቡ የሰውየው ሙሉ ስም፣ የፈቃዱ ዓይነት፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የፈቃዱ ሁኔታ፣ የሚሠራበት ብሮከር (ለኤጀንቱ ሥራ ኃላፊነት የሚወስደው ባለፈቃድ) እና ከታች የቅጣት ታሪክ ካለው እሱ ይወጣል። ቅጣት ካለ ብዙ ጊዜ ሰነዱን ከፍታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፣ እኔ በጣም የወደድኩት ይህንን ነው። ምን አጠፋ፣ ምን ተወሰነበት የሚለውን ከወሬ ሳይሆን ከመዝገቡ ታገኙታላችሁ።

የፈቃዱ ሁኔታ የሚለው መስመር ላይ «ላይሰንስድ» ብቻ ካለ ደህና ነው። «ኤክስፓየርድ» ጊዜው አልፏል ነው። «ሪቮክድ» ተነጥቋል፣ «ሰስፔንድድ» ታግዷል፣ «ሪስትሪክትድ» በገደብ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል። እነዚህን ሰው ይረዳቸዋል። ችግሩ «ላይሰንስድ ኤንቢኤ» የምትለዋ ናት። ላይሰንስድ የሚለውን አይተው ብዙዎች ገጹን ይዘጉታል። ሦስቱ ፊደሎች ሰውየው በአሁኑ ሰዓት በየትኛውም ብሮከር ሥር የለም ማለት ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተራ ኤጀንት ብቻውን መሥራት አይችልም፣ የግድ ኃላፊነት የሚወስድለት ብሮከር ያስፈልገዋል። ብሮከር ከሌለው ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ነው እንጂ ሥራ ላይ አይደለም፤ ቤት ሊሸጥላችሁ አይችልም። ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያድንበት ወይም የሚያጣበት መረጃ በሦስት ፊደል ተጽፎ፣ ከጎኑ አንድ መስመር ማብራሪያ የለውም። የካሊፎርኒያ ገዢ ሁሉ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት አይደለም፣ ይህን ስቴቱ ከማንም በላይ ያውቃል፣ እና አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመርበት ምን ነበር?

ሌላው ጉድለቱ፣ ገና በምርመራ ላይ ያለ አቤቱታ አይታይም። የምታዩት ወደ መደበኛ እርምጃ የደረሰውን ነው። ስለዚህ ንጹሕ ገጽ ማለት ንጹሕ ሰው ማለት አይደለም፣ ፈቃድ አለው ማለት ነው። ኤጀንቱ በቅርቡ ብሮከር ቀይሮ ከሆነም ለውጡ ገና ላይታይ ይችላል። የዚህ መፍትሔ ቀላል ነው፣ ገጹ ላይ ወዳለው ብሮከር ቢሮ ደውሎ «እገሌ እናንተ ጋ ይሠራል ወይ?» ማለት። ቢዝነስ ካርዱ ላይ ያለው ድርጅትና ገጹ ላይ ያለው ብሮከር ካልተገናኙ በተለይ ሳትደውሉ እንዳታልፉ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የአክስቴ ልጅ ነገር ከፈቃዱም በፊት መሽተት የነበረበት እዚህ ነው። ተራ ኤጀንት የድካሙን ዋጋ መቀበል የሚችለው ከራሱ ብሮከር ብቻ ነው። በቀጥታ ከእናንተ ወደ ግል አካውንቱ የሚገባ ኮሚሽን የለም። ፈቃዱ የጸና ቢሆን እንኳን የለም። ቀብድም ቢሆን የሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ በኤስክሮው ድርጅቱ፣ ማለትም ሽያጩ እስኪያልቅ ገንዘቡን በመሃል በሚይዘው ድርጅት ስም ነው። አገር ቤት ደላላው ከሁለቱም ወገን እጅ በእጅ ተቀብሎ፣ ተመራርቆ መለያየት የለመድነው ነው፤ እዚያ የሚያገናኘን መተዋወቅ ነበር። እዚህ ግን ሲበላሽ የሚይዝላችሁ ወረቀቱ ነው። በተለይ አሁን፣ ከጥር 2025 ጀምሮ የስቴቱ ሕግ ገዢና ብሮከሩ የጽሑፍ ውል እንዲኖራቸው ያዛል፤ ለግለሰብ ገዢ የውሉ ጊዜ ከ3 ወር አይበልጥም። «ውል አያስፈልግም፣ በቃል እንስማማ» የሚላችሁ ሰው ፈቃዱ ገጹ ላይ እንዲታይበት ያልፈለገ ሊሆን ይችላል። ውሉ ሲመጣላችሁ ቁጥሩን ከውሉ ላይ አንብባችሁ ገጹ ላይ አስገቡት።

ለትክክለኛዎቹ ኤጀንቶቻችንም አዝናለሁ። ይህን ፈቃድ ለማግኘት ሰው 135 ሰዓት ይማራል፣ አሻራ ይሰጣል፣ 150 ጥያቄ ያለው ፈተና ይፈተናል፣ ከዚያ ደግሞ በየጊዜው እየተማረ ያድሳል። ልጆቿን አስተኝታ ሌሊት ሌሊት ለዚህ ፈተና ስታጠና የነበረች ጎረቤት አለችኝ። አሁን ፈቃዷን ይዛ ትሠራለች፣ ደንበኛ የሚወስድባት ግን ምንም ሳያድስ በትውውቅ የሚሠራው ሰው ነው። የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ የሄደችው ወደሷ ነው፣ ገንዘቡንም አልላከችም። ትልቁን ሰውዬ በአክብሮት «ፈቃድዎን ሲያድሱ እንነጋገራለን» አለቻቸው፣ ተቀየሟት፣ እኔን ደግሞ ከሷ በላይ።

ፈቃድ የሌለው ሰው ገንዘብ ከወሰደባችሁ በዚሁ ዲፓርትመንት ዌብሳይት ላይ አቤቱታ ማስገባት ይቻላል። ፈቃድ ያለውንም የሌለውንም ይመረምራሉ፣ ሥራውን እንዲያቆም ትእዛዝ የማውጣት ሥልጣንም አላቸው። ገንዘባችሁን ግን አያስመልሱላችሁም፣ ለዚያ ጠበቃ ወይም ፍርድ ቤት ነው። የላካችሁበትን ደረሰኝ፣ የጽሑፍ መልእክቱን፣ ያሳያችሁን ቤት አድራሻና ቀን አስቀምጡ። ገጹንም ስታዩት ስክሪንሾት አንሱ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ፣ ምክንያቱም ሰውየው ነገ ቢያድስ ገጹ የሚያሳየው የነገውን ነው።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖች፣ የእናንተም ስቴቶች የየራሳቸው ነጻ መፈለጊያ አላቸው። እዚያ «ኢንአክቲቭ» የሚል ቃል ታገኛላችሁ፤ ፈቃዱ አለ፣ ግን ቆሟል፣ ሰውየው በሱ መሥራት አይችልም። ቨርጂኒያ ውስጥ ለምሳሌ አዲስ ኤጀንት በመጀመሪያው ዓመት 30 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ካልጨረሰ ፈቃዱ ወደዚያ ይገባል። ስለዚህ አምና አስመርቃችሁት ኬክ የቆረሳችሁለት የወንድማችሁ ልጅ ቢሆንም ዘንድሮ ቁጥሩን አስገቡት።