የአልጌ ማብቀያ ሳጥኔ ከወራት በኋላ

ይሠራል። መጀመሪያ ይሄን ልበል፣ ምክንያቱን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ።

ቤቴ ያለው የጨው ውሃ አኳሪየም 75 ጋሎን ነው፤ 284 ሊትር ገደማ። ኮራል (ድንጋይ መሰል አጽም የሚሠራ የባሕር እንስሳ)፣ ጥቂት ዓሣና ብዙ ድንጋይ አለበት። ድንጋዩ ላይ ፀጉራም አረንጓዴ አልጌ (ዋቅላሚ፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል መሰል ነገር) በቅሎ ከሁለት ጣት በላይ ረዝሞ ነበር። ኮራሎቹን ከግርጌያቸው እየወጣ ብርሃን ከለከላቸው። አንዳንዶቹ ሥጋቸው ተልጦ ነጭ አጽማቸው ቀረ። የጨው ውሃ ገንዳ ያለው ሰው ይሄን ልብ አውልቅ ነገር ያውቀዋል። በእጅ ትነቅሉታላችሁ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ቁጭ ይላል። እንግዳ ሲመጣ ልጆቹ ወደ መስታወቱ ይሮጣሉ፤ ትንሽ ያዩና "ዓሣዎቹ የታሉ?" ይላሉ። በዚያ ሁሉ ድካም ላይ ይሄን መስማት ያማል።

ያ ድንጋይ ዛሬ ሐምራዊ ነው። ኮራላይን የሚባለው ጠንካራ አልጌ፣ ሪፍ (የኮራል ገንዳ) ያለው ሁሉ የሚመኘው፣ አልብሶታል። ፀጉራሙ ደግሞ አልጠፋም፤ ቦታ ቀይሯል። አሁን የሚበቅለው ከገንዳው ሥር፣ ካቢኔው ውስጥ ባስገባሁት ሳጥን ውስጥ ነው።

ዕቃውን አልጌ ስክራበር ይሉታል። አሠራሩ ቀላል ነው። የተሻከረ የፕላስቲክ መረብ በቁሙ ይንጠለጠላል። ከላዩ በርዝመቱ የተሰነጠቀ ቧንቧ አለ። ፓምፑ ውሃውን ወደ ቧንቧው ይገፋል፣ ውሃው በመረቡ ሁለት ፊት ስስ ሆኖ ይወርዳል። ግራና ቀኝ ቀይ ኤልኢዲ ይበራል፤ 660 ናኖሜትር አካባቢ፣ ክሎሮፊል በደንብ የሚቀበለው ብርሃን ነው። አልጌ የሚፈልገው ሻካራ ቦታ፣ ጠንካራ ብርሃን፣ የሚንቀሳቀስ ውሃና ምግብ ነው። ምግቡ ከዓሣው ቀለብና ከቆሻሻው የሚመጣው ናይትሬትና ፎስፌት ነው። መረቡ ላይ ያለው አልጌ ከድንጋዩ የተሻለ ኑሮ ስላለው ምግቡን ይሻማል፣ የድንጋዩ ይራባል።

ከዚህ በፊት ሱቅ በሄድኩ ቁጥር የሚሰጠኝ የአልጌ ማጥፊያ ጠርሙስ ነበር። "ይሄን ጠብ አድርግበት፣ ይጠፋል።" እሺ፣ ጠፋ እንበል። የሞተው አልጌ የት ሄደ ጌታዬ? እዚያው ገንዳ ውስጥ በሰበሰ። ሲበሰብስ የያዘውን ናይትሬትና ፎስፌት ለውሃው መለሰ። ውሃው ለሚቀጥለው አልጌ ስንቅ አገኘ፣ እኔ ደግሞ ለሚቀጥለው ጠርሙስ ተመልሼ መጣሁ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ሌላው ሻጭ "ቀንድ አውጣ ጨምርበት" ይላል። ቀንድ አውጣ እወዳለሁ፣ አሉኝም። ግን የበላውን የሚያስወጣው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ደግሞ በብዛት የሚሸጠው፣ የሜክሲኮ ቱርቦ የሚባለው ቀንድ አውጣ የመጣው ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የለመደ ነው። ሞቃት የኮራል ገንዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዕድሜው ያጥራል፣ ድንጋይ ሥር ሞቶ ሲበሰብስ ሌላ ፎስፌት ይሆናል። ሦስተኛው "መብራት ቀንስ" ይላል። ኮራሉስ? ኮራልም እኮ ሥጋው ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች አማካይነት ከብርሃን ነው የሚመገበው። ጠላቴን ለማስራብ ልጆቼን ላስርብ እንዴ?

ሳጥኑ ግን ምግቡን ከቤት ያስወጣዋል። ለዚህ ነው ከሌላው ሁሉ የምለየው።

በየሳምንቱ ፓምፑን አጠፋና መረቡን ከስንጥቁ ስቤ አወጣዋለሁ። ሲወጣ ከባድ ነው። ሁለቱም ፊት ጥቅጥቅ ብሎ አረንጓዴ ሆኗል፣ ውሃ ያንጠባጥባል። ሽታው ንጹሕ የባሕር ሽታ ነው፤ አይከረፋም። ፀጉሩ መካከል ትንንሽ ነጫጭ ነፍሳት ይዘላሉ። እነሱን በገንዳው ውሃ አለቅልቄ ወደ ቦታቸው እመልሳለሁ፣ ለዓሣ ጥሩ ቀለብ ናቸው። ከዚያ ሲንክ ላይ መረቡን አጋድሜ በጥፍሬ ከላይ ወደ ታች እገፋዋለሁ። አልጌው እየተጠቀለለ ይወርዳል። ስጨምቀው ተቀቅሎ የተጨመቀ ጎመን ይመስላል፤ እፍኝ ይሞላል። ሥሩን አልፈገፍገውም፤ ሥሩ ከቀረ ቶሎ ያቆጠቁጣል። ያን እፍኝ በያዝኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። በእጄ ያለው ነገር ትናንት ውሃው ውስጥ የማይታይ ፎስፌት ነበር። ዛሬ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ አይመለስም።

ቆንጥሬ የማስቀረው አለ፣ ለፐርፕል ታንጌ። የዚህ ዓሣ ሀገሩ ቀይ ባሕር ነው፤ ከሁሉ እሱን የመረጥኩትም ለዚህ ነው። አልጌ በል ነው፣ ከጣቴ ሊነጥቀኝ ይመጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ያሰለቻሉ። መረቡ ላይ ቡናማ አተላ ብቻ ነበር የነበረው። ፎስፌቱ 0.4 ፒፒኤም (ሚሊግራም በሊትር) ላይ ተተክሎ አልንቀሳቀስ አለ። ይሄ የዕቃው ጥፋት አይደለም። ድንጋያችን ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ፎስፌት ይይዛል። የውሃው ሲቀንስ የያዘውን መልሶ ይለቃል። ስለዚህ ሳጥኑ የዛሬውን ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን የድሮውንም ዕዳ ነው የሚከፍለው። ሻጩ ግን ይሄን አይነግራችሁም፤ "በአንድ ሳምንት ልዩነቱን ታያለህ" ነው የሚለው። አይታይም። የሚታየው ቆይቶ ነው። አተላው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፣ ድንጋዩ ላይ ያለው ፀጉር ደግሞ መልኩ ይገረጣል። ውሃ ሲገፉበት እየተነቀለ ይሄዳል። ረጅሙን ፀጉር ሸሽተውት የነበሩት ቀንድ አውጣዎቼ አጭሩን ሲያገኙ መጋጥ ጀመሩ። አሁን ፎስፌቱ 0.08 ነው።

አንድ የምታውቁት ሰው "ይሄ የዩቲዩብ ፈሊጥ ነው" ካላችሁ አትስሙት። ነገሩን የፈጠረው ዋልተር ኤዲ የተባለ፣ ስሚዝሶኒያን የሚባለው የአሜሪካ የሙዚየምና የምርምር ተቋም ሳይንቲስት ነው። የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ እኔ ካለሁበት አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ወንዙን ተሻግሮ ካለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሆኖ። በአሪዞና በረሃ በተሠራው ባዮስፌር 2 በሚባለው ዝግ የመስታወት የምርምር ሕንፃ ውስጥ ለነበረው ሰው ሠራሽ ውቅያኖስ ማጣሪያ የሆነው ይሄው ዘዴ ነው። አውስትራሊያ ታውንስቪል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የተከፈተው ትልቅ የሪፍ አኳሪየምም ተጠቅሞበታል። "ውሃ ያስቢጫል" የሚለው ወቀሳም ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። እውነትነት አለው፤ አልጌ ሲጎዳ ቢጫ ነገር ይለቃል። በከረጢት የተደረገ አክቲቭ ካርቦን (ውሃ የሚያጣራ ከሰል) ሳምፑ፣ ማለትም ከገንዳው ሥር ያለው የማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ማስቀመጥ ግን ይበቃዋል። የኔ ውሃ ጥርት ያለ ነው።

ከሻጩ ጋር የማልስማማበት ሌላም ነገር አለ። "ይሄ ካለህ የቧንቧ ውሃ ብትጠቀምም ችግር የለም" ይላሉ። እኛ አካባቢ አይሆንም። ዋሽንግተን ዲሲንና አርሊንግተንን የሚያጠጣው የውሃ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሆን ብሎ ኦርቶፎስፌት (አንድ ዓይነት ፎስፌት) ይጨምርበታል። ጥሩ ምክንያት አለው፤ የእርሳስ ቧንቧዎች ወደ መጠጥ ውሃ እንዳይሟሙ ነው። ለሰው መልካም ነው፣ ለሪፍ ግን ገንዳ ሙሉ ማዳበሪያ ነው። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያና ከኋላው ዲአይ ሬዚን (ውሃው ውስጥ የቀረውን የሟሟ ነገር የሚይዝ) የሌለው ሰው ሳጥኑን ቢገዛ በአንድ እጁ እያወጣ በሌላው እየጨመረ ይኖራል።

ጉድለቶቹን ቶሎ ልጨርስ። የቧንቧው ስንጥቅ ውስጥ አልጌ ይበቅልና ውሃው በአንድ በኩል ብቻ መውረድ ይጀምራል። ሳጸዳ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠርገዋለሁ። ቀይ መብራቱ በካቢኔው ስንጥቅ እየወጣ ሳሎኑን ማታ ቀይ ያደርገዋል። ባለቤቴ ይሄን አልወደደችውም፣ ጥቁር ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ማታ እንዲበራ የማደርገው በምክንያት ነው። የገንዳው መብራት ሲጠፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምና ፒኤች ይወርዳል፣ ማለትም ውሃው ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ሳጥኑ ያን ጊዜ ቢበራ ይስበዋል፣ ፒኤቹም ያን ያህል አይዋዥቅም። ዋጋው 300 ዶላር ገደማ ነው። ለጠርሙስ ካወጣሁት ጋር ሳስተያየው አልቆጭም።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ ያዙልኝ፣ ይሄ ዕቃ ከልክ በላይም ሊሠራ ይችላል። ናይትሬቱ ዜሮ፣ ፎስፌቱ ዜሮ ሲገባ "እሰይ!" የሚል ሰው አለ። እሰይ አይባልም። ኮራልም ይራባል፣ መልኩ ይፈዛል። ውድድር በጠፋበት ባዶ ውሃ ደግሞ ዲኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ፣ አረፋ ያዘለ ልጋግ ሊነሳ ይችላል፤ እሱ ከፀጉራሙ አልጌ አሥር እጥፍ ይከፋል። ስለዚህ የኔ ናይትሬት ወደ ዜሮ ሲጠጋ መብራቱን ከ18 ሰዓት ወደ 14 ዝቅ አደረግሁት፣ ለዓሣዎቹም ቀለብ ጨመርኩ። ይሄ ደግሞ ያልጠበቅሁት ደስታ ሆነ። ድሮ አልጌውን ፈርቼ ቆንጥሬ ነበር የምሰጣቸው። አሁን ታንጉ ጀርባው ሞልቷል፣ ያለ ስጋት አበላቸዋለሁ።

ስለ መጠኑ ስትጠይቁ ሻጩ "ገንዳህ ስንት ጋሎን ነው?" ይላችኋል። ካርቶኑም ላይ "እስከ 100 ጋሎን" ተብሎ ተጽፏል። አትመኑት፤ የሚያበቅለው ጋሎን ሳይሆን ቀለብ ነው። በዚህ ነገር የቆዩ ሰዎች የሚሄዱበት ስሌት ይሄ ነው፦ በቀን ለሚሰጥ ለእያንዳንዱ አንድ ኩብ የበረዶ ቀለብ (በትንንሽ ኩብ የቀዘቀዘ የዓሣ ምግብ)፣ በሁለት ፊት ብርሃን የሚያገኝ 12 ካሬ ኢንች መረብ። እኔ በቀን ሁለት ኩብ ስለምሰጥ 4 በ6 ኢንች ይበቃኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለው ጓደኛዬ ከኔ ያነሰ ገንዳ ይዞ በቀን ሦስት ኩብ ይሰጣል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው 6 በ6 ነው። የኔ ሞዴል በዚያ መጠን ስለማይመጣ ትልቁን ግዛ ብዬዋለሁ። መቶ ምናምን ዶላር ይጨምርበታል። እኔ በሱ ቦታ ብሆን እጨምር ነበር።