ለበዓል ዋዜማ የእጅ ሸማ ወይስ ሽፎን?

በበዓል ዋዜማ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ቢሮ የምትገባ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የምታመነታው በሽሮ ሜዳ በሚሸጠው የእጅ ሸማና የጥለት ህትመት ባለው ሽፎን መካከል ነው። ሽፎኑ ዋጋው ቀለል ይላል፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ በታክሲ ግፊያም እምብዛም አይጨማደድም። ሸማው ግን ጥጥ በመሆኑ አየር ያስገባል፤ ጠርዙን ገልብጣችሁ ብታዩም የጥለቱ ክር ከጨርቁ ጋር አብሮ እንደተሸመነ ይታያል፣ ህትመቱ ግን በጀርባው ደብዛዛ ነው። የሸማው ፈተና ነጭነቱ ነው፤ አንዲት የእስክሪብቶ ጭረት ቀኑን ሙሉ ታሳቅቃለች (እኔን የቀጣኝ የሲኒ ቡና ነው)። ስለዚህ ለቢሮ ሽፎኑን፣ እቤት ነጠላዬን አጣፍቼ እንግዳ ለመቀበል ግን ያለ ማመንታት ሸማውን እመርጣለሁ።